ጆ ሉዊስ፣ ካርኔራና የኢትዮጵያ ስም

ሰኔ 18 ቀን 1927 ዓ.ም. ማታ፣ በኒው ዮርክ ያንኪ ስታዲየም ከ60 ሺህ በላይ ተመልካች በተሰበሰበበት፣ ጆ ሉዊስ የተባለ የ21 ዓመት ጥቁር አሜሪካዊ ቡጢኛ ከኢጣሊያዊው ፕሪሞ ካርኔራ ጋር ተጋጠመ። ወልወል ላይ ደም ከፈሰሰ ሰባት ወር ሊሞላው ተቃርቦ ነበር፤ የሙሶሊኒ ጦርም በኤርትራና በሶማሊያ ይከማች ነበር። በዚህም ምክንያት ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን ከመድረኩ ላይ ያዩት ሁለት ቡጢኞችን ሳይሆን ኢትዮጵያንና ኢጣሊያን ነበር። የዘር ጠብ እንዳይነሣ ተሰግቶ ፖሊስ በብዛት ተሰለፈ፤ አስተዋዋቂውም ሕዝቡ ዘርና ቀለም ሳይለይ በጨዋነት እንዲመለከት ተማጠነ።

ሉዊስ እዚህ መድረክ ላይ የደረሰው በጠባብ በር አልፎ ነው። ከእርሱ በፊት በ1901 ዓ.ም. በሲድኒ የከባድ ሚዛን የዓለም ሻምፒዮንነትን የወሰደው የመጀመሪያው ጥቁር ጃክ ጆንሰን ነበር። ጆንሰን በ1902 ዓ.ም. ነጩን ጄፍሪስን ሲያሸንፍ በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ጥቁሮች ተደበደቡ፣ ተገደሉም። ቀጥሎ የቡጢ ግጥሚያ ፊልም ከአንድ ግዛት ወደ ሌላው እንዳይተላለፍ ሕግ ወጣ፤ ጆንሰንም ከነጭ ሴት ጋር በነበረው ግንኙነት ተከሶ ተፈረደበት። ይህ ፍርድ በምሕረት የተሰረዘለት በ2010 ዓ.ም. ነው፤ ያን ጊዜ ሰውዬው ከሞተ ከ70 ዓመት በላይ ሆኖታል። በ1907 ዓ.ም. በሃቫና ከተሸነፈ በኋላ ለ22 ዓመታት ለዚህ ማዕረግ እንዲጋጠም የተፈቀደለት ጥቁር አልነበረም። ሃሪ ዊልስ የተባለው ብርቱ ቡጢኛ ዕድሉን ለዓመታት ሲጠይቅ ኖሮ ሳያገኘው ቀረ።

የሉዊስ አስተዳዳሪዎች ሮክስቦሮና ብላክ፣ ራሳቸው ጥቁሮች ስለ ነበሩ፣ ይህን ታሪክ አሳምረው ያውቁታል። ከነጭ ሴት ጋር ፎቶግራፍ እንዳይነሣ፣ በወደቀ ተጋጣሚ ላይ ደስታውን እንዳያሳይ አስጠነቀቁት። ከነጭ ቡጢኛ ይህን የጠየቀ አልነበረም። አንድ ወጣት ባሸነፈበት ሰዓት ፈገግታውን እንዲውጥ መገደዱ ከተጋጣሚው ቡጢ ይልቅ የከበደው ሳይሆን አይቀርም።

ካርኔራ 118 ኪሎ ያህል ሲመዝን ሉዊስ ከ90 ኪሎ በታች ነበር። በስድስተኛው ዙር ግዙፉ ሦስት ጊዜ ወደቀ፤ ዳኛውም ግጥሚያውን አቆመ። ሃርለም በእልልታ ተናወጠች። ካርኔራ ሻምፒዮን በነበረበት ጊዜ ጥቁር ሸሚዝ አልብሶ የፋሺዝም ጉልበት ማሳያ ያደረገው ሙሶሊኒ ግን የወደቀው ካርኔራ ምስል በኢጣሊያ ጋዜጦች እንዳይታተም አደረገ።

በመድረኩ ላይ ዳኛ ነበር፤ ከወገብ በታች መምታትም ክልክል ነበር። ኢትዮጵያ አቤቱታዋን ያቀረበችበት የጄኔቫው ሸንጎ ግን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጀመረውን ወረራ አላስቆመም፤ የመርዝ ጋዙንም አልከለከለም። ጎንደር መጋቢት 23፣ አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ቀን በጠላት እጅ ወደቁ። ሰኔ 12 ቀን ደግሞ ጀርመናዊው ማክስ ሽሜሊንግ ሉዊስን በ12ኛው ዙር ጣለው። በዚያ ዓመት የጥቁር ሕዝብ ኀዘን ተደራረበ።

ሉዊስ ሰኔ 15 ቀን 1929 ዓ.ም. በቺካጎ ብራዶክን አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ፤ ልክ በዓመቱ ሽሜሊንግን በመጀመሪያው ዙር ዘረረው። በኢትዮጵያም ኢጣሊያኖች የመጨረሻ ምሽጋቸውን ጎንደርን ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. አስረከቡ።

በዚያው ዓመት ጥር 1 ቀን ሉዊስ ባዲ ቤርን አሸንፎ የድካሙን ዋጋ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል መረዳጃ ሰጠ። ያ ባሕር ኃይል በዚያን ጊዜ ጥቁር ምልምሎችን የሚቀበለው ለምግብ ቤት አገልግሎት ብቻ ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላም ሻምፒዮኑ ራሱ በምድር ጦር ተመዘገበ፤ የተመደበውም ጥቁሮች ለብቻቸው በሚሰለፉበት ክፍል ነው።