ለአንዲት የተፈቀደ፣ ለሌሎች የተከለከለ



በወልቂጤ ወይም በአካባቢዋ ያደጋችሁ «የጆካ» የሚለውን ስም ከአያቶቻችሁ ሳትሰሙ አልቀራችሁም። የጆካ የሰባት ቤት ጉራጌ ሽማግሌዎች የሚሰበሰቡበት ሸንጎ ነው። ተበዳይ ቆሞ ይናገራል፣ በዳይም ይመልሳል፤ ሽማግሌዎቹ ሁለቱንም ሰምተው ይፈርዳሉ። ፍርዳቸው የሚመራበት ሕግ ቅጫ ይባላል። የሶዶ ክስታኔ ወገኖቻችንም ጎርደና ሴራ የሚባል የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። ስለዚህ ዛሬ አንድ ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጥቶ «ስለ ሰብዓዊ መብት እንወያይ» ሲለን ነገሩ ከባዕድ አገር የመጣ አይምሰለን። ተቀምጦ መነጋገር የቤታችን ልማድ ነው። ልንጠይቀው የሚገባው ግን ሌላ ነው፦ በዚያ ሸንጎ የማን ድምፅ ይሰማ ነበር?

ይህን ጥያቄ በ19ኛው መቶ ዘመን ያነሣች አንዲት የጉራጌ ሴት አለች። የቃቄ ወርድወት ትባላለች። በዘመኑ አንቂት የሚባል ሥርዓት ነበር። በዚህ ሥርዓት የታሰረች ሚስት ከባሏ ቤት ብትወጣ እንኳ እርሱ ካልፈታት በቀር ሌላ ማግባት አትችልም፤ ሥርዓቱን ብትጥስ መርገም ያገኛታል ተብሎ ይታመን ነበር። ባል ግን በላይዋ ሌላ ሚስት ቢያመጣ የሚከለክለው አልነበረም። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ታሪክ እንደሚነግረን፣ ወርድወት ሴቶችን አስተባብራ የጆካ ሽማግሌዎች ፊት ቆመች። ለራሷ ብቻ አልተሟገተችም። ሴት የምትወደውን እንድታገባ፣ ካልሆነላትም እንድትፈታ፣ አንቂትም እንዲቀር ጠየቀች።

ውሳኔው ምን ሆነ? ሽማግሌዎቹ ለወርድወት ፈቀዱላት፤ ለሌሎቹ ግን ሕጉ እንደ ነበረ ቀረ። እንዲህ ነው የሚተረከው። ታሪኳ ከመቶ ዓመት በኋላ በብሔራዊ ቴአትር መድረክ ላይ ታይቷል፤ ብዙዎችም ጀግንነቷን አድንቀዋል። እኔን ግን የሚያሳዝነኝ ያ ፍርድ ነው። የምትጮኸውን አንዷን ዝም ለማሰኘት ለእርሷ ብቻ በር ከፈቱ፤ ከኋላዋ የቆሙት ሴቶች ፊት ግን በሩ ተመልሶ ተዘጋ።

አሁን መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ግለጡና ዘኁልቁ 27ን አንብቡ። የሰለጰዓድ አምስት ሴቶች ልጆች በመገናኛው ድንኳን ደጃፍ ቆመው በሙሴ፣ በካህኑ በአልዓዛር፣ በአለቆቹና በማኅበሩ ሁሉ ፊት ተናገሩ። አባታቸው ወንድ ልጅ ሳይወልድ ስለ ሞተ ስሙ ከወገኑ ለምን ይጠፋል? ርስትስ ለምን አይሰጠንም? አሉ። ሙሴ ከራሱ አልመለሰላቸውም፤ ነገራቸውን ወደ እግዚአብሔር አቀረበ። እግዚአብሔርም ሴቶቹ የተናገሩት ትክክል መሆኑን መሰከረ። በዚህም አላበቃም። ለአምስቱ ርስት ከሰጠ በኋላ ያንኑ ለእስራኤል ሁሉ ሥርዓት አደረገው። በምዕራፍ 36 የነገዱ አለቆች ሌላ ስጋት ይዘው ሲመጡ ደግሞ እነርሱም ተሰሙ።

ልዩነቱን አያችሁ? በየጆካ ለአንዲት ሴት ልዩ ፈቃድ ተሰጠ፤ በድንኳኑ ደጃፍ ግን የአምስት ሴቶች አቤቱታ የማታውቀውን፣ ገና ያልተወለደችውንም ሴት የሚጠብቅ ሕግ ሆነ። ፍትሕ ማለት ይህ ነው። ለወዳጅ የሚደረግ ውለታ ፍትሕን አይተካም።

ወደ ሀገራችን እንመለስ። በጉራጌ ምድር ፉጋ እየተባሉ የተናቁ ወገኖቻችን ነበሩ፤ ስሙ ራሱ ዛሬም ስድብ ሆኖ ይነገራል። ውብ የሆነው የጉራጌ ቤት እንጨቱ የሚጠረበውና ምሰሶው የሚቆመው በእነርሱ እጅ ነበር። ሆኖም መሬት እንዲይዙ አይፈቀድላቸውም፤ አብሯቸው የሚበላ፣ ልጁን የሚድርላቸውም አልነበረም። በእንሰት ማሳ ውስጥ ቢያልፉ አፈሩ ይበላሻል እስከ መባል ተደርሷል። እንግዲህ አስቡት፤ ቤቱን የሠራው ሰው በቤቱ ማዕድ ላይ ቦታ የለውም። ጌታችን ራሱ ጠራቢ እንደ ነበር የሚሰብክ ሰው ይህን ሰምቶ እንዴት ዝም ይላል? ወንጌል በደቡብ ሲስፋፋ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉም ሰው በእግዚአብሔር መልክ ተፈጥሯል ብለው አስተማሩ። በጋብቻ ጊዜ ግን «የማን ዘር ነው?» የሚለው ጥያቄ ከምእመናን ቤትም ገና አልወጣም።

ስለ ቡታጅራም አንድ የሚከብድ ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ10 አገሮች ከ24,000 በላይ ሴቶችን ጠይቆ በቤት ውስጥ ስለሚደርስ ጥቃት ያጠናውን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2005 አውጥቶ ነበር። ከኢትዮጵያ የተጠናው በቡታጅራ ዙሪያ ያለው ገጠር ነው። ባል ወይም የትዳር ጓደኛ ከነበራቸው ሴቶች መካከል 71 በመቶው በሕይወታቸው ከእርሱ አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። በጥናቱ ከታዩት ሥፍራዎች ሁሉ ከፍተኛው ይህ ነበር። ከዚያ 10 ዓመት በፊት ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 35 የሴቶችን እኩልነት ደንግጎ ነበር። ወረቀቱ ደረሰ፤ ጓዳው ድረስ ግን አልገባም።

ጓዳ የሚገባው ምንድን ነው? ከእኛ ብዙም ሳይርቅ፣ በከምባታ፣ መልስ የሚሆን ነገር ተሠርቷል። ቦጋለች ገብሬ ከእህቷ ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በ1997 ድርጅት አቋቋመች። ሴት ልጅን መግረዝ እንዲቀር ስትነሣ በስብከትና በዛቻ ብቻ አልሄደችም። ሽማግሌውን፣ እናቲቱን፣ ወጣቱን፣ ገራዧንም ጭምር በአንድነት አስቀምጣ በየጊዜው አወያየች። መንደሩ ራሱ ተነጋግሮ፣ ራሱ ወስኖ፣ ራሱም ጠባቂ ሆነ። ልማዱም በብዙ ቀነሰ። ያልተገረዘች ሙሽራ በሕዝብ ፊት በክብር የተዳረችበት ሠርግ የታየውም በዚያው ነው። በዚያ ሠርግ ላይ ከሙሽራዋ ጎን የቆመ ሙሽራ እንደ ነበረም አትርሱ።

የመጀመሪያይቱ ቤተ ክርስቲያንም ይህን መንገድ ታውቀዋለች። በሐዋርያት ሥራ 6 የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ መበለቶች በዕለት ምግብ ሲዘነጉ ማጉረምረም ተሰማ። ሐዋርያት «አንድነታችንን አታናጉ» ብለው አላፈኑትም። ደቀ መዛሙርቱን ሁሉ ጠርተው ሰባት ሰዎችን አስመረጡ። ጸሎቱ አልቀረም፤ ማዕዱም ተስተካከለ።

ስለዚህ ወንድሞችና እህቶች፣ በሚቀጥለው የኅብረታችሁ ቀን ወንበሮቹን በክብ አድርጓቸው። ከኋላ የምትቀመጠዋ እህት ቀድማ ትናገር። የተናገረችውም እውነት ሆኖ ከተገኘ ለእርሷ ብቻ አታድርጉላት፤ ለኅብረቱ ሁሉ ሥርዓት ይሁን።

ለውይይት

1. በኅብረታችን ውሳኔ ሲወሰን የማን ድምፅ አይሰማም? ለምን?
2. ለአንድ ሰው «በልዩ ሁኔታ» የፈቀድነው፣ ለሁሉም ሊሆን የሚገባው ነገር አለ?
3. በጋብቻ ጉዳይ ዘር መቁጠርን ከቤተሰቦቻችን ጋር በአክብሮት እንዴት እንነጋገርበት?