ከአንጎል የደም ሥር ባይፓስ ቀዶ ሕክምና በኋላ ተመልሰው ለሚመጡ ምልክቶች የሚደረግ ክትትል

የአንጎል የደም ሥር ባይፓስ የራስ ቆዳን ከሚመግቡ ደም ቅዳዎች አንዱን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጆሮ ፊት ሽቅብ የሚወጣውን፣ ከአንጎል ደም ቅዳ ጋር በማገናኘት ደም ለሚያንሰው የአንጎል ክፍል አዲስ መንገድ የሚከፍት ቀዶ ሕክምና ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊዘርላንድ ዙሪክ ከተማ በፕሮፌሰር ጋዚ ያሳርጊል የተጀመረ ሲሆን፣ በአሁኑ ጊዜ በአመዛኙ የሚሠራው ሞያሞያ ለተባለው፣ የአንጎል ደም ቅዳዎች ቀስ በቀስ ለሚጠቡበት ሕመም ነው። ቀዶ ሕክምናው ለደም ተጨማሪ መንገድ ይሰጣል እንጂ የመጥበቡን ሂደት አያስቆምም። በመሆኑም ታካሚው ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላም የቤተሰቡ ክትትል ሊቋረጥ አይገባም።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያዘናጋው መጥቶ የሚሄደው ምልክት ነው። አንድ እጅ ለጥቂት ደቂቃ ይዝላል፣ የተያዘ ዕቃ ይወድቃል፣ አፍ ይጣመማል፣ ንግግር ይተሳሰራል ወይም የአንድ ዓይን ብርሃን ይደበዝዛል፤ ከዚያም ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል። ቤተሰብም «ተሻለው» ብሎ ይተወዋል። ይህ ጊዜያዊ የአንጎል ደም እጥረት ግን የስትሮክ ማስጠንቀቂያ ነው፤ የስትሮክ አደጋውም ከፍተኛ የሚሆነው በቀጣዮቹ 2 ቀናት ውስጥ ነው። ስለዚህ ምልክቱ ቢጠፋም ታካሚው በዚያው ዕለት መታየት ይኖርበታል።

በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ደም በአዲሱ መንገድ ከሚገባው በላይ ሊፈስስ ስለሚችል፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የሚጥል ሕመም መሰል መንቀጥቀጥ ወይም የንግግር መታወክ ሊከሰት ይችላል። ትኩሳት፣ የቁስሉ ማበጥ፣ መግል ወይም ከቁስሉ ውኃ መሰል ፈሳሽ መውጣትም ሳይዘገይ መታየት ያለበት ነው። ደም ቅዳው ሳይሰፋ በአንጎል ላይ ብቻ በሚነጠፍበት ዓይነት ቀዶ ሕክምና አዲሶቹ የደም ሥሮች የሚያድጉት በወራት ውስጥ ነው፤ እስከዚያ ድረስ የቀድሞው ምልክት ሊመላለስ ይችላል። ቢመላለስም ለሐኪሙ ሳይነገር መቅረት የለበትም።

በሰንበቴና በአካባቢው የሚኖር ታካሚ ምልክት ሲታይበት በቅርቡ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወዲያውኑ ይወሰዳል፤ ከዚያም እንደ ሁኔታው ወደ ከሚሴ ወይም ወደ ደሴ ሪፈር ሊጻፍለት ይችላል። ለአምቡላንስ የወረዳውን ጤና ጽሕፈት ቤት ወይም የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርን መስመር 907 መጠየቅ ይቻላል። ታካሚው ደህና ሆኖ ለመጨረሻ ጊዜ የታየበት ሰዓት ይመዝገብ፤ የሕክምና ውሳኔው በዚህ ሰዓት ላይ ይመሠረታል። ቋንቋውን የሚያውቅ ዘመድ አብሮት ቢሄድ ይመረጣል፤ በኦሮምኛ አፉን የፈታ ሰው ንግግሩ መተሳሰሩን አማርኛ ብቻ የሚሰማ ባለሙያ ላያስተውለው ይችላልና። ምልክቱ ከደም መዘጋት ይሁን ከደም መፍሰስ ያለ ሲቲ ስካን ስለማይለይ፣ በቤት ውስጥ ተጨማሪ አስፒሪን አይሰጥም። በሐኪም የታዘዘው አስፒሪንም ያለ ሐኪም ፈቃድ አይቋረጥም፤ ከጎረቤት የተገኘ የደም ግፊት መድኃኒትም አይወሰድም።

የውኃ ጥም በእነዚህ ታካሚዎች ላይ ከሚታሰበው በላይ ይከፋል። በቆላው ሙቀት፣ በተለይም በእሑድ ገበያ ውሎ፣ ውኃ መያዝ ያስፈልጋል፤ ተቅማጥና ትውከትም ቶሎ መታከም አለባቸው። የረመዳንን ጾም በሚመለከት ወሩ ከመግባቱ አስቀድሞ ሐኪም ይጠየቅ። ጫት የደም ግፊትንና የልብ ምትን ስለሚጨምር መተው ይኖርበታል። አዲሱ ደም ቅዳ በሚያልፍበት በጆሮ በላይ ባለው ስፍራ ሻሽ አጥብቆ ማሰር ወይም የሚጫን መነጽር ማድረግ የደሙን መንገድ ሊያጠብ ይችላል።

ሞያሞያ ያለባቸው ሕፃናት አጥብቀው ሲያለቅሱ ወይም እሳት እፍ ሲሉ ትንፋሻቸው ስለሚፋጠን የአንጎል ደም ሥሮች ይጠብባሉ፤ እጅና እግራቸውም በዚያው ቅጽበት ሊዝል ይችላል። ወላጆች ይህን እንደ ማኩረፍ ወይም እንደ ድካም እንዳያዩት፣ እሳት የማንደዱንም ሥራ ለሌላ ሰው እንዲሰጡ ይመከራል። ትምህርት ቤት ለሚሄድ ልጅ መምህሩ ስለ ቀዶ ሕክምናው እንዲያውቅ ያስፈልጋል።

ቀዶ ሕክምናው የተደረገበትን ቀንና ወገን፣ የሚወሰዱትን መድኃኒቶችና የሐኪሙን ስልክ የያዘው የመውጫ ማስረጃ ቅጂ ከታካሚው ኪስ ሊለይ አይገባም። ዋናው ቤት ይቀመጥ።