በጾም መጀመሪያ በፍጥነት የሚቀንስ ክብደት ጤናማና ዘላቂ ነውን?

ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ፣ ዘወረደ አልፎ ቅድስት ሲተካ፣ ብዙ ምእመናን ልብሳቸው እንደ ሰፋቸው፣ ሚዛን ላይ ቢወጡም ሁለትና ሦስት ኪሎ እንደ ቀነሱ ሲናገሩ ይሰማል። አንዳንዱ በዚህ ደስ ይለዋል፤ እንዲያውም ይበልጥ ለመቀነስ ሲል ማታ የሚቀምሰውን ጭምር ይተዋል። ሌላው ደግሞ ስለ ጤናው ይሰጋል። በዚህ ጽሑፍ ይህ ፈጣን መቀነስ ከምን እንደሚመጣ፣ ምን ያህሉ እንደሚቆይና ለማን እንደሚያሰጋ እንመለከታለን።

አስቀድሞ አንድ ነገር መለየት ይገባል። ጾም ክብደት ለመቀነስ የተሠራ ሥርዓት አይደለም። ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ስለ ጾም ሲናገር ዓላማውን የሥጋን ፈቃድ ለነባቢት ነፍስ ማስገዛት አድርጎ ያቀርባል፤ ስለ ሚዛንና ስለ ወገብ ስፋት ያነሣው ነገር የለም። ይሁን እንጂ የሚጾመው ሥጋ የለበሰ ሰው ነውና ጾሙ በሰውነቱ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ማወቁ ይጠቅመዋል እንጂ አይጎዳውም።

ሰውነታችን ከምንመገበው እህል የሚያገኘውን ስኳር ግላይኮጅን በሚባል መልክ በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ያከማቻል። ይህ ስንቅ በአንድ ጎልማሳ ሰው ሰውነት ውስጥ በግምት ከ400 እስከ 500 ግራም ይደርሳል። እያንዳንዱ ግራም ደግሞ ሦስት ግራም ያህል ውኃ ይዞ ይቀመጣል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወይም ከዚያም በላይ ሳይበሉ መቆየትና ማታም ጥቂት መቅመስ ሲጀመር በቅድሚያ የሚወጣው ይህ ስንቅ ነው፤ ውኃውም አብሮት ይወጣል። በዚህ ላይ ቀኑን ሙሉ ውኃ ያለመጠጣት ሲጨመር በጥቂት ቀናት ውስጥ ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ መቀነሱ አያስደንቅም። እንጀራው በደንብ በተበላበት ምሽት ማግስት ሚዛኑ መልሶ ከፍ የሚለውም ስለዚህ ነው። ሰውየው በአንድ ሌሊት ስብ አላከማቸም፤ ስንቁና ውኃው ተመለሱለት እንጂ።

ነገሩን በስሌት ማየት ይቻላል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ያህል ኃይል ይይዛል። በቀን 2,200 ካሎሪ የሚያወጣ ሰው ሰባት ቀን ሙሉ እህል የሚባል ባይቀምስ የሚጎድልበት 15,400 ካሎሪ ነው፤ ይህም የሁለት ኪሎ ስብ ልክ ነው። እንግዲህ በየምሽቱ እየተመገበ በሳምንት ሦስት ኪሎ የቀነሰ ሰው ሦስቱም ኪሎ ስብ ሊሆን አይችልም። በየመንደሩ የሚሸጡት “ማቅጠኛ ሻዮች” የሚያታልሉትም በዚሁ መንገድ ነው፤ ብዙዎቹ የሚያስቀምጡ ወይም ሽንት የሚያበዙ ስለሆኑ የሚያወጡት ውኃና ጨው ነው።

ታዲያ ፈጣኑ ጅማሬ ከንቱ ነውን? እንዲህ ብሎ መደምደም አይቻልም። ለብዙ ዘመን ሐኪሞች “በፍጥነት የቀነሰ በፍጥነት ይመልሳል” እያሉ ይመክሩ ነበር። በአውስትራሊያ የሜልበርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2014 ያሳተሙት ጥናት ግን ይህን አላረጋገጠም። በጥናቱ ከመጠን ያለፈ ውፍረት የነበረባቸው 200 ሰዎች በሁለት ተከፍለው፣ አንዱ ክፍል በ12 ሳምንት፣ ሌላው በ36 ሳምንት ከክብደቱ 12.5 በመቶ እንዲቀንስ ተደረገ። ከታቀደው የደረሱት ከፈጣኖቹ 81 በመቶ፣ ከዝግተኞቹ ግን 50 በመቶ ነበሩ። ከዚያ በኋላ በተደረገው የሦስት ዓመት ያህል ክትትል ሁለቱም ወገኖች ከቀነሱት 71 በመቶ ያህሉን መልሰው ጨመሩ። በአሜሪካም ከ5,000 በላይ የስኳር ሕሙማን በተሳተፉበት “ሉክ አሄድ” በተሰኘው ጥናት፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ይበልጥ የቀነሱት ከስምንት ዓመት በኋላም የተሻለ ውጤት ታይቶባቸዋል። በእኛ አመለካከት ይህ የሚያሳየው የጅማሬውን ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ እነዚያ ሰዎች ከመነሻው የተሰጣቸውን ምክር አጥብቀው የያዙና ለዓመታት ያልተቋረጠ ክትትል ያገኙ ነበሩ።

ስለዚህ ትልቁ ጥያቄ ከጾሙ በኋላ ስላለው ጊዜ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ከትንሣኤ እስከ በዓለ ሃምሳ ያለው ደግሞ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት 50 ቀን ነው። ሰውነት ክብደት ሲቀንስ የሚያወጣውን ኃይል ይቆጥባል፤ የረኃብ ስሜትንም ያበረታል። ይህ ሁኔታ ከፍተኛ ደረጃ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚመስል “ዘ ቢገስት ሉዘር” በተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ውድድር የተሳተፉ 14 ሰዎች ላይ ታይቷል። በ30 ሳምንት በአማካይ 58 ኪሎ ቀንሰው ነበር፤ ከስድስት ዓመት በኋላ በአማካይ 41 ኪሎውን መልሰዋል። ሰውነታቸውም በዕረፍት ጊዜ ከሚጠበቀው 500 ካሎሪ ያህል ያነሰ ያወጣ እንደ ነበር በ2016 የታተመው ጥናት አሳይቷል። የጿሚው ሁኔታ ከዚህ እጅግ የቀለለ ቢሆንም አቅጣጫው አንድ ነው፤ በቆጠበ ሰውነት ላይ ዶሮው፣ ክትፎውና ጠጁ በአንድ ጊዜ ሲወርዱበት ትርፉን ያከማቻል። በፋሲካ ሳምንት ሆዱን ታምሞ ወደ ሕክምና የሚሄደውም ጥቂት አይደለም።

ደግሞም በጾሙ ወራት የማይቀንሱ፣ እንዲያውም የሚጨምሩ አሉ። ምግቡ የጾም መሆኑ ቀላል አያደርገውም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው፤ በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳ፣ ብስኩትና ለስላሳ መጠጥ ሥጋ የለባቸውም እንጂ ኃይላቸው ብዙ ነው። ለመክሳት ያሰበም ሆነ ያላሰበ ሰው ምሽቱን በምስር፣ በሽሮ፣ በጎመንና በንፍሮ ቢያደርገው ጡንቻው ይጠበቅለታል። ምግቡን እጅግ ቀንሶ ፕሮቲን ያጣ ሰው ከስቡ ጋር ጡንቻውንም ያጣልና፤ በተለይ ዕድሜያቸው ለገፋ ይህን መመለስ ከባድ ነው። ስግደቱና ወደ ቤተ ክርስቲያን በእግር መመላለሱ ለጡንቻ የሚሰጡት ጥቅም ቀላል እንዳልሆነ በዚህ አጋጣሚ ማንሣት እንወዳለን።

ሐኪሞች በአብዛኛው ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ በሳምንት መቀነስን ደኅና ልክ አድርገው ይቀበላሉ። ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላም በየሳምንቱ ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ የሚቀንስ ሰው በሐሞት ከረጢቱ ጠጠር የመፈጠር ዕድሉ ይጨምራል። ከሁለትና ሦስት ወር በኋላ የሚመጣ የፀጉር መርገፍም የዚሁ ፍጥነት ውጤት ሊሆን ይችላል፤ ብዙዎች መንሥኤውን ከሻምፑ ሲፈልጉት ይታያል። ክብደቱን መከታተል የሚፈልግ ሰው በየቀኑ ከመመዘን ይልቅ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ጠዋት በተመሳሳይ ሰዓት ቢመዘንና ወገቡን በሜትር ቢለካ እውነቱን ያገኛል።

ኢንሱሊን ወይም ሌላ የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ፣ የኩላሊት ሕመም ያለባቸው፣ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች ግን ነገሩ ከሚዛን በላይ ነው። መድኃኒቱን እንደ ወትሮው ወስዶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ መቆየት ስኳርን በድንገት አውርዶ ራስን እስከ መሳት ያደርሳል፤ መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ መተውም የዚያኑ ያህል አደገኛ ነው። ቀኖናው ለሕሙማን ቦታ አለው። ስለሆነም ጾሙ ከመግባቱ በፊት ከሐኪም ጋር ስለ መድኃኒቱ ሰዓትና መጠን፣ ከንስሓ አባት ጋር ደግሞ ስለ ጾሙ መጠን መነጋገር ይገባል።

በመጨረሻም ብዙ ጊዜ ስለሚዘነጋው አንድ ነገር። ሳያስበውና ምግቡን ሳይቀንስ የሚከሳ፣ ወይም ጾሙ ተፈትቶ በደንብ እየበላ ክብደቱ መውረዱን ያላቆመ ሰው “ጾሙ ነው ያከሳኝ” ብሎ መቀመጥ የለበትም። በስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ውስጥ ከክብደት አምስት በመቶው፣ ማለትም ከ60 ኪሎ ሦስት ኪሎ፣ ያለ ምክንያት መጉደሉ ምርመራ የሚጠይቅ ምልክት ነው። የሳንባ ነቀርሳ፣ የስኳር ሕመም፣ የእንቅርት ዕጢ መታወክና ካንሰር በዚህ መልክ ሊጀምሩ ይችላሉ። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ ወይም የማያቋርጥ ጥማትና ሽንት መብዛት አብሮ ከታየ ቀጣዩን በዓል ሳይጠብቁ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።