ልማታዊ ሴፍቲኔት፦ ክፍያው የሥራ ዋጋ ነው

ልማታዊ ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. የተጀመረ፣ ሥር የሰደደ የምግብ እጥረት ያለባቸውን የገጠር ቤተሰቦች የሚደግፍ ፕሮግራም ነው። «ተረጂ» መባል ብዙዎችን ያሸማቅቃል፤ ይሁንና መሥራት የሚችሉ ተጠቃሚዎች በማኅበረሰብ ልማት ሥራ ተሳትፈው ገንዘብ ወይም እህል ስለሚያገኙ ክፍያው ምጽዋት ሳይሆን የላባቸው ዋጋ ነው። ገረሴን በመሰሉ የጋሞ ደጋማ ተዳፋቶች የሚሠራ እርከን አፈርና ውኃን ይይዛል፤ ጥቅሙም ከሠሪው አልፎ ለጎረቤት ማሳ ይተርፋል።

ጉልበት የሌላቸው አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ጽኑ ሕመምተኞች ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ፤ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶችም ለጊዜው ከጉልበት ሥራ ነጻ ናቸው።

በኑሮ ማሻሻያ ዘርፍ ተጠቃሚዎች ከሰብልና እንስሳት ልማት፣ እንደ ሽመና ካሉ ከእርሻ ውጪ ሥራዎች ወይም ከቅጥር የሚስማማቸውን መርጠው ይሠለጥናሉ። በተጠቃሚዎች ምርጫ ቅሬታ ያለው ሰው ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ያቀርባል።