ስለ ፈረስ ስም

በቀድሞው ዘመን አንድ ታላቅ ሰው በአንድ ስም ብቻ አይጠራም ነበር። እናትና አባቱ ያወጡለት የዓለም ስም አለው፤ በተወለደ በ40 ቀኑ ከጥምቀቱ ጋር ከካህኑ የተቀበለው የክርስትና ስም አለው፤ ለመንገሥ የበቃ እንደ ሆነ ደግሞ ስመ መንግሥት ይጨመርለታል። ከነዚህ በኋላ፥ ጋሻና ጦር አንሥቶ በኮርቻ ላይ ከተቀመጠ፥ ከሚጋልበው ፈረስ የሚያገኘው ሌላ ስም ነበረ። ዐፄ ምኒልክ ስማቸው ሣህለ ማርያም፥ ስመ መንግሥታቸው ምኒልክ፥ የፈረስ ስማቸው ግን አባ ዳኘው ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴም በዓለም ስማቸው ተፈሪ፥ በክርስትናና በመንግሥት ስማቸው ኃይለ ሥላሴ፥ በፈረስ ስማቸው አባ ጠቅል ይባሉ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ስሞች ሰው ከሌላ ሰው ይቀበላቸዋል። የፈረሱን ስም ግን ባለ ፈረሱ አስቦና መርጦ ያወጣዋል፤ ስለዚህ ሰው ስለ ራሱ ምን ያስብ እንደ ነበረ ለማወቅ ለሚፈልግ ሁሉ ከሌሎቹ ስሞች ይልቅ ይህ ይናገራል።

አስቀድሞ አንድ ነገር መለየት ይገባል። እዚህ ላይ «አባ» የሚለው ቃል የመነኰሳት መጠሪያ የሆነው «አባ» አይደለም። ቃሉ በአማርኛ አባትነትን ቢያመለክትም በኦሮምኛ አባትም ባለቤትም ማለት ነውና፥ አባ ዳኘው ሲባል «ዳኘው የሚባለው ፈረስ ጌታ» ማለት ነው። ይህን ያልለየ ወጣት አንባቢ የጦር አለቃውን ሁሉ ከገዳም የወጣ ሊያስመስለው ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ንባብ የሰማ መነኵሴ ቢስቅ አይፈረድበትም።

ልማዱም ከኦሮሞ ፈረሰኞች እንደ ተወሰደ ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ይስማሙበታል። በጊቤ ወንዝ አካባቢ የነበሩት ነገሥታት ከነልጅ ልጆቻቸው የሚታወቁት በፈረስ ስም ነው፤ የሊሙ እናርያው አባ ባጊቦ፥ የጅማው አባ ጅፋር ለዚህ ምስክሮች ናቸው። እነዚያ ነገሥታት እስላሞች ሲሆኑ የእስልምና ስም ሳይጐድላቸው ሕዝቡ የሚያውቃቸው በፈረሳቸው ነበረ፤ የአባ ጅፋር ስም ከሰው ዐልፎ የአገሩ መጠሪያ እስከ መሆን ደርሷል። በሰሜንም የየጁ መሳፍንት ጐንደርን በያዙበት ዘመን የታላቁ ዓሊ አባት አባ ሴሩ ጓንጉል ይባል ነበር። ከዚያ ወዲህ ከሸዋ እስከ ትግሬ፥ ከጐጃም እስከ ወሎ፥ የፈረስ ስም የሌለው መኰንን እንደ ጐደሎ የሚቈጠርበት ጊዜ መጣ። የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አባ ዲና፥ ልጃቸው ራስ ዳርጌ አባ ገርሳ፥ ራስ ጐበና አባ ጥጉ፥ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል አባ ሻንቆ፥ ራስ ተሰማ ናደው አባ ቀማው ተብለዋል።

ስሙ ከፈረስ እንጂ ከበቅሎ ያልተወሰደበት ምክንያት አለው። መኰንኑ መንገድ ሲሄድ የሚቀመጠው በበቅሎ ነው። በቅሎ እርምጃዋ የለሰለሰ፥ ለዳገትና ለገደል የታመነች ናትና። ፈረሱ ግን ለጦርነትና ለጉግሥ ተጠብቆ፥ ግላሱን ለብሶ፥ በአሽከር እጅ እየተሳበ ከኋላ ይከተላል። ጌታው ከበቅሎ ወርዶ ወደ ፈረሱ የተሻገረ እንደ ሆነ ነገሩ ተለውጧል ማለት ነው። እንግዲህ የፈረስ ስም የሰላም ጊዜ ስም አይደለም። በፉከራ ጊዜ፥ ወታደር ሲሰለፍ፥ ጌታው የወደቀ እንደ ሆነም በለቅሶ ጊዜ የሚነሣ ስም ነው። ያ ፈረስ ቢሞት ስሙ አብሮ አይቀበርም፤ ጌታው ሌላ ፈረስ ቢጭንም በስሙ ይኖራል።

ስሙ እንዴት ይመረጥ ነበር? ከሁሉ የቀለለው መንገድ በመልክ መጥራት ነው። ፈረስ ዳማ፥ ቡላ፥ ቦራ፥ ጉራቻ፥ አምባላይ ነውና ጌታውም በዚያው ይጠራል። ለገበሬ ፈረሰኛ ይህ ይበቃዋል። ከፍ ያለ አሳብ ያለው ሰው ግን በመልክ አይረካም፤ ፈረሱን ከግሥ ይሰይመዋል። ትልቁ ቍም ነገር ያለውም እዚህ ላይ ነው።

የዐፄ ቴዎድሮስ ፈረስ ታጠቅ ይባል ነበር። ቃሉ ትእዛዝ ነው። ነገር ግን የታዘዘው ማን ነው? ፈረስ ይጫናል፥ ይለጐማል እንጂ አይታጠቅም፤ ዝናሩንና ሰይፉን የሚታጠቅ ሰው ነው። ስለዚህ ስሙ የተጻፈው በፈረሱ ላይ ሲሆን የሚናገረው ለጌታው ነው። ከቋራ በረሓ ተነሥተው መሳፍንቱን አንድ በአንድ የመቱት እኒህ ሰው ፈረሳቸውን በጠሩ ቍጥር ራሳቸውን ሲያዙ ኖሩ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ እጃቸውን ለእንግሊዝ ጦር ከመስጠት ይልቅ በራሳቸው ሽጕጥ ሲሞቱም ትጥቃቸውን አልፈቱም ነበር።

ዳኘው እና ቃኘው የሚሉት ሁለቱ ስሞች ለሰዋስው መምህር የተዘጋጁ ይመስላሉ። ቃኘው የዐፄ ኃይለ ሥላሴ አባት የራስ መኰንን ፈረስ ነው። እነዚህ ቃላት በትእዛዝ አንቀጽ ሲነበቡ «አንተ ዳኘው፥ አንተ ቃኘው» ማለት ናቸው፤ በኀላፊ አንቀጽ ሲነበቡ ደግሞ «እርሱ ዳኘው፥ እርሱ ቃኘው» ይሆናሉ። ፊደሉም ድምፁም አንድ ነው፤ የሚለየው በትርጓሜ ብቻ ነው። ገና የሚደረገውና ተደርጎ ያለቀው ነገር በአንድ ቃል ውስጥ ስለ ተኙ፥ ለባለ ቅኔ እንዲህ ያለው ቃል ሳይደክም ያገኘው ኅብር ነው። የተዳኘውና የተቃኘው ማን እንደ ሆነም ስሙ አይገልጥም፤ «ው» የምትለው አንዲት ፊደል ብቻ አንድ ሰው በማዶ መቆሙን ታመለክታለች። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ያ በማዶ የቆመው ማን እንደ ሆነ ታወቀ። ጠቅል የሚለውም «ጠቀለለ» ከሚለው ግሥ እንደ ወጣ ይታሰባል፤ ትእዛዙ በሙሉ «ጠቅልል» ሊባል ሲገባው ሁለቱ ላዊ በአንድ ተጠቅልለዋል።

ሌሎቹ ትእዛዝ አይደሉም። የራስ አሉላ ፈረስ ነጋ መባሉ የሌሊት ማለፍ ዜና ነው፤ ከገበሬ ቤት ተወልዶ በራሱ ጕብዝና ለራስነት ለበቃ ሰው ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝም። የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ፈረስ መቻል ነው። በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው፥ በምርኮ ቤት አድገው፥ በ1900 ዓ.ም. የጦር ሚኒስትር ለሆኑት ሰው መቻል ማለት ትዕግሥትም ኀይልም ነው፤ ቃሉ ሁለቱንም ይሸከማል። የደጃዝማች ባልቻ ነፍሶ ግን እንደ ፍቅር ጥሪ የሚሰማ ነው፤ በዐድዋ መድፍ ሲተኵሱ የዋሉት፥ በሽምግልናቸውም በ1929 ዓ.ም. ከጣልያን ጋር ሲዋጉ የወደቁት ብርቱ ሰው ፈረሳቸውን «ነፍሶ» ብለው መጥራታቸው ደስ ያሰኛል። የልጅ ኢያሱ ፈረስ ጤና ይባል ነበር፤ የእኒህ መስፍን ዕድል ግን ከስሙ ጋር አልተስማማም። በ1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ተሻሩ፤ በዚያው ዓመት በሰገሌ አባ ሻንቆ ንጉሥ ሚካኤል ለልጃቸው ሲሉ ተሰልፈው በሸዋ ጦር ተማረኩ፤ ልጅ ኢያሱም ከብዙ ዓመት እስራት በኋላ በ1928 ዓ.ም. ሞቱ።

ከሁሉ የሚከብደው ስም ግን የዐፄ ዮሐንስ ነው። እኒህ ንጉሥ በሃይማኖታቸው ጽኑዕ፥ በጸሎታቸው ትጉህ መሆናቸውን ወዳጅም ጠላትም መስክሮላቸዋል። በ1864 ዓ.ም. በአክሱም በሥርዐተ ቅብዐት ነግሠዋል፤ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ስለ ሃይማኖት ጉባኤ አቁመዋል፤ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በመተማ ስለ አገራቸው ቈስለው ሞተዋል። ፈረሳቸው ግን በዝብዝ ይባል ነበር፤ ከመንገሣቸው በፊትም አባ በዝብዝ ካሳ ተብለው ይታወቁ ነበር። መጽሐፍን የሚያነብ ክርስቲያን ንጉሥ እንዴት እንዲህ ያለውን ስም መረጠ? አንዳንዶች መልስ ሲሰጡ ብዝበዛው የጠላት ነው ይላሉ፤ በእርግጥም በ1868 ዓ.ም. በጕንደትና በጕራዕ የግብፅ ጦር ሲደመሰስ መድፉና ጠመንጃው በትግሬ ሠራዊት እጅ ገብቷል። መልሱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ቃሉ ራሱ አይረዳውም። ዳኘው በሚለው ስም መጨረሻ «ው» አለች፤ በዝብዝ በሚለው ግን የለችም። ትእዛዙ ወሰን የለውም። የሚበዘበዘው ባልተለየበት ትእዛዝ መሠረት ግብፃዊው ባሻም ይበዘበዛል፥ ለዘማች ሠራዊት ቀለብ እንዲያወጣ የተገደደው የአገር ገበሬም ይበዘበዛል። በዚያ ዘመን ደመወዝ የሌለው ወታደር በባላገሩ ጐተራ ይኖር እንደ ነበረ የታወቀ ነው፤ ይህም በአንድ ንጉሥ ዘመን ብቻ የሆነ ነገር አይደለም፥ በታጠቅም በዳኘውም ዘመን ነበረ። ልዩነቱ በዝብዝ የሚለው ስም ነገሩን ሳይሸፍን መናገሩ ነው። ንጉሡ በክርስትና ስማቸው ሲቀድሱ፥ በፈረስ ስማቸው የዘመኑን ጦር አመል ተሸክመው ነበር። ሁለቱ ስሞች በአንድ ሰው ላይ መኖራቸውን ታሪክ ጸሐፊ ሊደብቀው አይገባም።

ፈረንጆችም ለፈረስ ስም ብዙ ይጠነቀቃሉ፤ መንገዳቸው ግን ሌላ ነው። እንግሊዞች ለሩጫ የሚያረቡትን ፈረስ ከነትውልዱ የሚመዘግቡበት መጽሐፍ በእነርሱ አቈጣጠር በ1791 ዓመት ታትሟል። ዛሬም ባለቤቱ የመረጠው ስም ከ18 ፊደል እንዳይበልጥ፥ በሕይወት ባለ ሰው ስምም ያለ ፈቃዱ እንዳይሰየም ደንብ አለ። ኢክሊፕስ የተባለው ዝነኛ ፈረስ በ1764 ፀሐይ በጨለመች ቀን ስለ ተወለደ የግርዶሽ ስም ወጣለት። በአሜሪካም አባቱ ፖሊኔዥያን፥ እናቱ ጌይሻ የሚባሉ አንድ ውርንጭላ ኔቲቭ ዳንሰር ተብሏል፤ ትርጓሜውም የአገሬው ተወላጅ ጨፋሪ ማለት ነው፤ የአባትና የእናቱን ስም በኅብር አጋጥሞ ያወጣው ሰው ቅኔ ሳይማር ቅኔ ዐውቋል። በዚያ አገር ፈረሱ ከወላጆቹ ስም ያገኛል። በእኛ አገር ግን ጌታው ከፈረሱ ስም አገኘ።

ለእኛ የምዝገባ መጽሐፍ አልነበረንም። መዝገቡ የፎካሪው፥ የአዝማሪውና የአልቃሹ አፍ ነው። በቤተ ክርስቲያንም የፈረስ ስም ቦታ የለውም፤ ዲያቆኑ ሙታንን ሲያስብ የሚጠራው የክርስትና ስማቸውን ነው። ስለዚህ ከታላላቆቹ በቀር የስንቱ ፈረሰኛ ስም ከአልቃሾቹ ጋር ጠፍቷል። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1961 ዓ.ም. የፈረስ ስሞችን ሰብስበው ከነባለቤቶቻቸው ባያሳትሙ ኖሮ የቀረው ከዚህም ያነሰ ይሆን ነበር።

ከመጥፋትም ሌላ ጕዳት አለ፤ እርሱም መቀላቀል ነው። ዛሬ ብዙ ሰው ራስ አሉላን «አሉላ አባነጋ» ብሎ አንድ አድርጎ ይጽፋል፤ የማያውቅ ሰው አባነጋ የአባታቸው ስም ይመስለዋል። አባታቸው ግን እንግዳ ይባላሉ። እንደዚሁም ባልቻ የሳፎ ልጅ ናቸው፤ ሀብተ ጊዮርጊስ የዲነግዴ ልጅ ናቸው። በጥንቱ ዘመን ይህ ግራ አያጋባም ነበር፤ ሰሚው ሁሉ «አባ» ከተባለ በኋላ የሚመጣው ፈረስ መሆኑን ያውቃልና። ዛሬ ግን የአባት ስም በመታወቂያና በትምህርት ቤት መዝገብ የሚፈለግበት ዘመን ስለ ሆነ ፈረሱ በአባት ቦታ ገብቶ ተቀመጠ። ልጁን ያሳደገው ያ የተንቤን ገበሬ እንግዳ በገዛ ልጁ ዝና ተሰወረ። «አባ ነጋ» ተብሎ በሁለት ቃል ቢጻፍ፥ የአባቱም ስም አስቀድሞ ቢነሣ፥ ለዝናው አንዳች አይጐድለውም፤ ለእንግዳም ፍርድ ይሆንለታል።

ፈረሰኛነት በ1928 ዓ.ም. በማይጨው ከአውሮፕላንና ከመርዝ ጢስ ጋር ተገናኝቶ የጦር ኀይልነቱ አበቃ። ስሞቹ ግን ፈረስ ወደማይገባበት ቦታ ሁሉ ገቡ። የፖሊሶች ኮሌጅ አባ ዲና ተባለ። የመቀሌው የአውሮፕላን ማረፊያ በአሉላ አባ ነጋ ስም ተሰየመ፤ መንገደኛው ከሰማይ ሲወርድ በአንድ ፈረስ ስም ላይ ያርፋል። በ1943 ዓ.ም. ደግሞ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ወደ ኮርያ ለላኩት ጦር የአባታቸውን ፈረስ ስም ሰጡት። የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ከጅቡቲ በመርከብ ተሳፍረው ሄዱ፤ በዚያም በተራራና በበረዶ መካከል በእግራቸው ተዋጉ።