«ፓት» ድግምት ነው?

ቱሉ ዲምቱ አደባባይ አጠገብ ባለ ሻይ ቤት የህንድ ፊልም ተከፍቷል። ተዋናይዋ ከሂንዱ ሴት አምላክ ከዱርጋ ምስል ፊት ተቀምጣ በሳንስክሪት ታነበንባለች። «ድግምት እየደገመች ነው» አለ አንዱ። የዚህ ዓምድ ጸሐፊ ሻዩን አስቀመጠ።

ሴትየዋ የምታደርገው «ፓት» ይባላል፤ በሳንስክሪት ማንበብ፣ ድምፅ አውጥቶ መድገም ማለት ነው። በሂንዱዎች የናቫራትሪ በዓል ዘጠኝ ሌሊቶች በብዛት የሚደገመው የዱርጋ ውዳሴ «ዴቪ ማሃትምያ» 13 ምዕራፍ ሲኖረው፣ 700 ስንኝ አለው ስለሚባል «ሳፕታሻቲ»፣ ማለትም ሰባት መቶ፣ ተብሎም ይጠራል። «ማሃትምያ» ታላቅነት፣ ክብር ነው።

ሰውየው ግን ሙሉ በሙሉ አልሳተም። ግሱን አግኝቷል፤ የሳተው ስሙን ነው።

«ደገመ» በግእዝ ሁለተኛ ጊዜ አደረገ ማለት ነው፤ «ዳግማዊ» እና «ዳግም ትንሣኤ» ከዚሁ ይወጣሉ። ያንኑ ጸሎት በየዕለቱ መመላለስም መድገም ተባለ። በቄስ ትምህርት ቤት «ዳዊት ደገመ» የተባለ ልጅ መዝሙረ ዳዊትን የዘለቀ ነው። ለሰባቱ ዕለታት የተከፈለው ውዳሴ ማርያምም ይደገማል እንጂ «ይነበባል» ብቻ አይባልም። ከዚያው ሥር የበቀለው «ድግምት» ግን ወደ ጠንቋይ ደጅ አዘነበለ፤ «ድግምተኛ» መባል ስድብ ሆነ።

ስለዚህ «ዱርጋ ፓት»ን ለመተርጎም «የዱርጋን ውዳሴ መድገም» ይበቃል። ሃይማኖቶቹ የተለያዩ ቢሆኑም ግሱ ለሁለቱም ይሠራል። ፊልም ተርጓሚዎች «ድግምት»ን መተተኛ ለሚያሳየው ትዕይንት ቢያቆዩት ይሻላል።