ሞክሼ ፊደላት

ሞክሼ ፊደላት በአማርኛ አንድ ዓይነት ድምፅ ኖሯቸው በቅርጽ የሚለያዩ ፊደላት ናቸው። «ሞክሼ» የሚባለው በስም የሚመሳሰል ሰው ነው፤ አበበ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ሞክሼዎች ናቸው። በፊደል ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኖ መልካቸው የተለያየ፣ ድምፃቸው አንድ የሆነ ነው። በተለምዶ አራት ቡድኖች ይቆጠራሉ፦ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ። በአማርኛ ከ«ከ» የተገኘው ኸም በብዙ ቃላት እንደ ሀ ስለሚነገር ከመጀመሪያው ቡድን ጋር የሚደምሩት አሉ።

ድምፃቸው ስለማይለያቸው መምህራን ለእያንዳንዳቸው መጠሪያ አውጥተውላቸዋል፦ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፣ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ፣ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። መጠሪያው የተወሰደው ፊደሉ ከሚገኝበት የታወቀ ቃል ነው። «ንጉሥ» በየትኛው «ስ» እንደሚጻፍ የሚጠራጠር ተማሪ መልሱን ከፊደሉ ስም ያገኘዋል።

አመጣጥ

በጥንታዊው ግእዝ እነዚህ ፊደላት እያንዳንዳቸው የራሳቸው ድምፅ ነበራቸው። ሐ እና ዐ ከጉሮሮ የሚወጡ ሲሆኑ ትግርኛ እስከ ዛሬ ይዟቸዋል። ኀ ዐረቦች አምስትን «ኀምሳ» ሲሉ የሚሰማው ሻካራ ድምፅ ነበር፤ የግእዙም አምስት «ኀምስቱ» ነው። አማርኛ ድምፆቹን እያቀላቀለ ሲሄድ ፊደላቱ ግን ቀሩ። ቅልቅሉ የአማርኛ ብቻ አይደለም፤ በብራና ላይ በተጻፉ የግእዝ መጻሕፍትም አንዱ ፊደል በሌላው ቦታ ገብቶ ይገኛል። ስለዚህ «የጥንት ሰዎች ሁሉ አስተካክለው ይጽፉ ነበር» የሚለው አነጋገር ከእውነቱ ያለፈ ነው።

እንግሊዝኛም በተመሳሳይ መንገድ አልፏል። ባሕር «ሲ»፣ ማየትም «ሲ» ነው፤ ሌሊት «ናይት»፣ ፈረሰኛው ባላባትም «ናይት» ነው። ጥንዶቹ በጽሕፈት የሚለያዩት አንድ ጊዜ በአነጋገርም ይለያዩ ስለነበር ነው፤ ለምሳሌ የባላባቱ «ናይት» መጀመሪያው ላይ ዛሬ የማይነበበው «ክ» ይሰማ ነበር። የእንግሊዝኛ ተማሪ ቃሉን ከነፊደሉ ካላጠና በጆሮው ብቻ ሊለየው አይችልም።

ትርጉም የሚለዩ ጥንዶች

ብዙ ቃላት በየትኛውም ሞክሼ ቢጻፉ ትርጉማቸው አይዛነፍም። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ድምፁን ሳይለቅ በ12 መንገድ መጻፍ ይቻላል፤ መነሻው ጸ ወይም ፀ፣ መካከሉ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊሆን ስለሚችል። «ኃይለ ሥላሴ» በዚሁ ስሌት 24 መልክ ይኖረዋል። በአንዳንድ ቃላት ላይ ግን ፊደሉ ሲቀየር ሌላ ቃል ይወጣል፤ ተማሪ ጊዜውን ሊያጠፋ የሚገባው በእነዚህ ላይ ነው።

«ሠረቀ» በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ወጣ፣ በራ ማለት ነው፤ «ምሥራቅ» የመጣው ከዚህ ነው። «ሰረቀ» በእሳቱ ሰ ሲሆን የሌባ ሥራ ነው። «ሠረቀ ብርሃን» የሚባል ሰው ስሙ በእሳቱ ሰ ከተጻፈ ብርሃን የወጣለት መሆኑ ቀርቶ ብርሃን የሰረቀ ይሆናል።

«ዓመት» አሥራ ሦስቱ ወር ነው፤ «አመት» ግን በግእዝ የሴት አገልጋይ ናት። ስለዚህ «አመተ ማርያም» በአልፋው አ ትጻፋለች፤ «ዓመተ ምሕረት» በዐይኑ ዓ። ዛሬ ሁለቱም እንደተገኘ ይጻፋሉ፤ በተለይ የሴቶቹ ስም «ዓመተ» ተብሎ መመዝገቡ የተለመደ ስሕተት ነው።

«መሐረ» ይቅር አለ፣ «መሀረ» አስተማረ ነው። ከመጀመሪያው ምሕረት ይወጣል፤ ከሁለተኛው መምህር፣ ትምህርት፣ ምሁር። «ድኅነት» ደግሞ መዳን ነው፤ ሥሩ «ድኅነ» ሲሆን «መድኃኒት» እና «መድኃኔ ዓለም» በብዙኃኑ ኀ ቤተሰብ የሚጻፉት በዚሁ ምክንያት ነው። ከ«ድኻ» የሚመጣው ግን «ድኽነት» ወይም «ድህነት» ይሆናል። «የድኅነት ቅነሳ» ብሎ የሚጽፍ መሥሪያ ቤት የሰውን መዳን እየቀነሰ ነው ማለት ነው።

የ«ሳለ» ጉዳይ

ሞክሼ ፊደላት ምን እንደሚሸከሙ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየው «ሳለ» ነው። በግእዝ ሠዐለ ሥዕል ሠራ፣ ሰዐለ ጉንፋን እንደያዘው ሰው አሳለው፣ ሰአለ ለመነ፣ ሰሐለ ደግሞ ስለት አወጣ ማለት ነው። የአራቱ ልዩነት በፊደል ብቻ ሳይሆን በድምፅም ነበር። አማርኛ የጉሮሮ ድምፆቹን ሲጥልና ሁለቱን «ሰ» አንድ ሲያደርግ አራቱም በአንድ ቅርጽ ተጨፈለቁ። በዚህ ምክንያት ሥዕሉም ተሳለ፣ ቢላዋውም ተሳለ፣ ልጅ የፈለገችውም ሴት ለመድኃኔ ዓለም ተሳለች፤ የታመመውም ሌሊቱን ሲስል አደረ። የቢላዋው «ስለት» እና ለቤተ ክርስቲያን የሚገባው «ስለት» የተገናኙትም በዚሁ መንገድ ነው፤ ሁለተኛው በጥንቃቄ ሲጻፍ «ስእለት» ነው። «ሠዓሊ» የሥዕል ባለሙያ፣ «ሰአሊ» ለማኝ ወይም አማላጅ ሆነው ዛሬም በጽሕፈት ይለያሉ።

ለጸሐፊ እንቅፋት የሆነው ለባለቅኔ ሀብት ነው። አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ይዞ ሲገባ ኅብር ይባላል፤ የሰምና ወርቅ አንዱ መሠረትም ይኸው ነው። ከፎገራ የተነሡት አለቃ ገብረ ሐና ስማቸው በሕዝብ ዘንድ የቀረው ቃልን በሁለት ወገን በሚያስኬድ ንግግራቸው ነው።

በደቡብ ጎንደር

ፊደልን የመለየት ትምህርት ከቆየባቸው አካባቢዎች አንዱ ከጣራ ገዳም እስከ ጋይንት ያለው የደቡብ ጎንደር ደጋ ነው። የጋይንቷ ቤተልሔም ለድጓ፣ ዙር አባ ለዝማሬ መዋሥዕት፣ ደብረ ታቦር ከአለቃ ገብረ ሐናና ከልጃቸው ስም ጋር ለሚያያዘው ተክሌ አቋቋም የታወቁ ናቸው። በእነዚህ ጉባኤ ቤቶች ተማሪው ቃሉን ብቻውን አያጠናም። የግእዙን ግስ ከነዘሩ ስለሚይዝ ምሥራቅን ሲጽፍ ሠረቀን፣ መድኃኒትን ሲጽፍ ድኅነን ያስታውሳል።

ከጣራ ገዳም ሥር ያለችው ከተማ አዲስ ዘመን ትባላለች፤ ከጋዜጣው ጋር ሞክሼ ናት። «አዲስ» የሚለው ቃል ራሱ የፊደል ጥያቄ አለበት። ግእዙ «ሐዲስ» ነው፤ ትግርኛው «ሓዲሽ»። ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም የወጣውን መዝገበ ቃላታቸውን «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ብለው በዐይኑ ዐ ሰይመውታል፤ የጉሮሮው ሐ ሲላላ የጉሮሮውን ዐ መተካት ይገባል በሚል ሥርዓት የሚሄድ አጻጻፍ ነው። አብዛኛው ሰው ግን በአልፋው አ ይጽፈዋል፤ ስለ ልማድ ከሆነ ልማዱ አሸንፏል።

መለያ መንገዶች

ግስ ያልተማረ ሰው ሦስት መንገዶች አሉት። አንደኛው የቃሉን ዘመዶች መፈለግ ነው። ሁለተኛው ጎረቤት ቋንቋ መጠየቅ ነው፦ ትግርኛ ሀን ከሐ፣ አን ከዐ ይለያል፤ ሐን ከኀ ግን አይለይም፤ ለዚህ ዐረብኛ ይረዳል። ዐረብኛ በ«ዐሥር» ላይ «ሸ» ማለቱም ቃሉ በንጉሡ ሠ እንደሚጻፍ ይጠቁማል። ሦስተኛው መዝገበ ቃላት ነው። በ1948 ዓ.ም የታተመው የኪዳነ ወልድ ክፍሌ መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ በዚህ ረገድ ተወዳዳሪ የለውም፤ ሆኖም የተደረደረው በአበገደ ስለሆነ በሀሁ የለመደ አንባቢ መጀመሪያ ቅደም ተከተሉን ማወቅ አለበት።

የሚጠብቁና የሚላሉ ቃላት ችግር ከዚህ የተለየ ነው። «ገና» በዓሉ ይጠብቃል፣ ያልደረሰው «ገና» ይላላል፤ «ዋና» ሲጠብቅ ዐቢይ፣ ሲላላ በውኃ ላይ መንሳፈፍ ነው። እዚያ ፊደሉ አንድ፣ ድምፁ ሁለት ነው። የአጻጻፍ መሻሻል ደጋፊ የነበሩት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም በታተመው ፍቅር እስከ መቃብር በሚጠብቁት ፊደላት ላይ ነጥብ አድርገው ነበር፤ ብዙ ተከታይ ግን አላገኙም።

ክርክሩና ኮምፒዩተሩ

ሞክሼዎች ይቀነሱ የሚሉ ሰዎች ሕፃናት ለአንድ ድምፅ ሦስት ፊደል ማጥናታቸው ድካም ነው ይላሉ፤ አምስቱ ትርፍ ፊደላት ከነሰባት ቤታቸው 35 ቅርጾች ናቸውና። ይቆዩ የሚሉት ደግሞ የቃሉ ሥር ይጠፋል፣ ከግእዝና ከትግርኛ ጋር ያለው ዝምድና ይደበዝዛል ይላሉ። የሁለቱም ክርክር ውኃ ያነሣል።

የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ሲገባ እያንዳንዱ ቅርጽ የየራሱን ቁጥር አገኘ። ለጆሮ አንድ የሆኑት ሰ እና ሠ ለኮምፒዩተር እንደ በ እና ተ የተራራቁ ናቸው። ሞክሼዎችን እንዲያመሳስል ያልተዘጋጀ መፈለጊያ «ስእል» ተብሎ ሲጠየቅ «ሥዕል» የሚል ጽሑፍ አያመጣም። ፈላጊው የሚፈልገውን ካጣ በሌላው ሞክሼ ደግሞ መሞከር ይኖርበታል።